ቆዳው አልላቀቅ ያለ ጌኮን መርዳት

በለገጣፎና በሰንዳፋ መካከል ባለው ሜዳ የሚኖር ሰው ኅዳር ሲገባ ከንፈሩ እንደሚደርቅና ተረከዙ እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ ያውቃል። ቀን ፀሐዩ ይከራል፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጭ ይወርዳል፤ ነፋሱም ከየአውድማው ያነሣውን የጭድ ብናኝ ይዞ በመስኮትና በበር ሥር ይገባል። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚኖር ጌኮም፣ ማለትም የእንሽላሊት ዘመድ የሆነው ትንሽ ተሳቢ እንስሳ፣ ይህን ድርቀት እንደ እኛው ይቀምሰዋል፤ ልዩነቱ ጉዳቱ የሚገለጠው ቆዳውን በሚቀይርበት ቀን መሆኑ ነው። በዚያን ቀን እንደ እጅ ጓንት ተገልብጦ መውለቅ የሚገባው አሮጌ ገለፈት በጣቶቹ ላይ፣ በጅራቱ ጫፍና በዓይኖቹ ዙሪያ ተጣብቆ ይቀራል።

እኔ የማሳድገው ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን፣ በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ዓይነት ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ አገር ጎረቤቴ ከነሳጥኑ ትቶልኝ ሄደ፤ መልኩ ዝንጉርጉር ስለሆነም የበሬ ስም አውጥቼ ቡሬ አልኩት። የዚህ እንስሳ ዘር መገኛ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታን፣ የኢራንና የሰሜን ምዕራብ ህንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው፣ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ጭምር፣ «የደረቅ አገር እንስሳ ነው፤ እርጥበት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ያስባል። ይሁን እንጂ ጌኮው በዱር ሳለ ፀሐይ ላይ አይውልም፤ ቀኑን የሚያሳልፈው በድንጋይ ስንጥቅና በአፈር ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የጉድጓዱ አየር ደግሞ ከላይ ካለው አየር ይልቅ እርጥብ ነው። እኛ ደረቁን ሜዳ በሳጥን ውስጥ እንሠራለትና ጉድጓዱን እንረሳዋለን። ስለዚህ ገለፈት ተጣብቆ ሲገኝ፣ እንስሳውን ከመንካት አስቀድሞ የሚኖርበትን ሳጥን መመርመር ይገባል።

ቆዳ መቀየሩ በደኅና ጊዜ ምን እንደሚመስል

ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ሌፐርድ ጌኮ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በፍጥነት የሚያድገው ግልገል ደግሞ በየ1 ወይም በየ2 ሳምንቱ ቆዳውን ይቀይራል። ቀኑ ሲቃረብ መልኩ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎም ስስ ነጠላ ከላዩ ላይ የተጣለበት ይመስል ሁለንተናው አመድማ ነጭ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አዲሱ ቆዳ ከሥር ተሠርቶ አልቋል፤ በአዲሱና በአሮጌው መካከልም ፈሳሽ እየገባ ሁለቱን ያለያያቸዋል። ጌኮው ምግብ ሊተውና ሊደበቅ ይችላል። ከዚያ አፍንጫውን ከሻካራ ነገር ጋር እያሸ ገለፈቱን ከከንፈሩ ያስነሣና በአፉ እየጎተተ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ እንደ ካልሲ እያወለቀ ይጨርሳል። ያወለቀውን ይበላዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር አሳዳጊን የሚያሳስት ነው። በሳጥኑ ውስጥ ምንም ቁራጭ ስላላዩ ሁሉም በሚገባ ወርዷል ብለው እንዳይደመድሙ፤ ጌኮው የሚበላው ሊያወልቀው የቻለውን ብቻ ነው፤ ያልቻለው ከላዩ ላይ ይቀራል። ገና ነጭ ሆኖ እያለ ደግሞ አይንኩት፤ ለመርዳት በሚል ቀድሞ መጎተት ከሥር ያለውን ያልጠነከረ ቆዳ ይገነጥላል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይስጡት።

በእኛ አካባቢ ገለፈት የሚጣበቅበት ዋና ምክንያት

የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ከፍታ በአብዛኛው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት ብርድ ከመጣ በኋላ እስከ ጥር ድረስ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለሌፐርድ ጌኮ ፈጽሞ አይስማማውም፤ ምክንያቱም ይህ እንስሳ በሳጥኑ ሞቃት ጎን የወለሉ ሙቀት ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቀዝቃዛው ጎን ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ስለዚህ እናሞቅለታለን፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

አየር ሲሞቅ ውኃ ካልተጨመረበት ይደርቃል። ለምሳሌ ንጋት ላይ በ8 ዲግሪ ቅዝቃዜ 90 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው፣ ማለትም ሊይዝ ከሚችለው ውኃ 90 በመቶውን የያዘ አየር፣ ሣሩ ላይ ጤዛ የሚጥለው ማለት ነው፣ ወደ ሳጥኑ ገብቶ 30 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 23 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የውኃው መጠን አልቀነሰም፤ የሞቀው አየር ግን ብዙ ውኃ የመያዝ አቅም ስላገኘ የጎደለውን ከየትም ይመጥጣል፤ ከመጠጫው ሳሕን፣ ከጌኮው ቆዳ፣ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ካለው ከዚያ ስስ ፈሳሽ ጭምር። «ጠዋት ጠዋት ጉም ነው፤ እንዴት ይደርቃል?» ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። በተለይ ከላይ የሚንጠለጠል አምፖል ቀንና ሌሊት የሚበራ ከሆነ ድርቀቱ ይብሳል፤ ከሥር የሚነጠፍና ሙቀቱን በልኩ በሚያቆም መሣሪያ (ቴርሞስታት) የሚቆጣጠሩት ማሞቂያ ከዚህ ይሻላል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ የቫይታሚን ጉድለት፣ የቆየ ቁስል፣ ቅማል መሰል ጥገኛ ተባዮች፣ ውኃ አለመጠጣት፣ በአጠቃላይ የታመመ አካል። ሆኖም ሳጥኑ ተስተካክሎም ገለፈቱ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተጣበቀ ነው ወደ እነርሱ የሚኬደው።

ከመገመት ይልቅ መለካት ይሻላል። ከመርካቶ የሚገዙት ትንንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያዎች አንዳንዶቹ በጣም ይሳሳታሉ፤ የእኔ የመጀመሪያው ከእውነተኛው 15 በመቶ ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ትክክለኛነቱን በጨው መፈተን ይቻላል። በጠርሙስ ቆርኪ የገበታ ጨው ይሙሉና እርጥብ ጭቃ እስኪመስል ድረስ ብቻ ጥቂት ጠብታ ውኃ ያድርጉበት፤ ከመለኪያው ጋር በአንድ አየር በማያስገባ ፌስታል ወይም ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ቢያንስ 8 ሰዓት ይተዉት። በጨው የጠገበ ውኃ የተዘጋውን አየር 75 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆመዋል፤ መለኪያው 75 ካላለ ልዩነቱን ጽፈው ይያዙና በየጊዜው አስበው ያንብቡ።

እርጥብ ዋሻ መሥራት

ለሌፐርድ ጌኮ ሳጥኑን በሙሉ ማርጠብ ስሕተት ነው። የሳጥኑ አጠቃላይ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ቢሆን ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ጠባብ ስፍራ ሲሆን፣ ይህም ጌኮው ሲፈልግ የሚገባበትና ሲበቃው የሚወጣበት ነው። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ክዳን ያለውና ብርሃን የማያስገባ የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ይውሰዱ። በአንዱ ጎን 5 ሳንቲሜትር የሚሆን ክብ በር ይቁረጡ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ሆዱን እንዳይቧጭረው በእሳት በጋለ ማንኪያ ጀርባ አለስልሱት። በክዳኑ ላይ በጋለ ወስፌ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይብቃው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እርጥበቱ ያመልጣል። ውስጡን ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም ደርበው ያጠፉት ሶፍት በውኃ ነክረውና ጨምቀው ያንጥፉበት። ጨርቁ ሲጫኑት እርጥበቱ ጣትዎ ላይ መሰማት አለበት፤ ውኃ መንጠባጠብ ግን የለበትም።

ፕላስቲክ የማይወድ ሰው ከገበያ አዲስ የሸክላ ማሰሮ ገዝቶ በጎኑ አጋድሞ መጠቀም ይችላል። ያልተለሰነ ሸክላ ውኃውን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ ውስጡ ሳይጨቀይ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እኔ አሁን የምጠቀመው ይህንን ነው። ወጥ የተሠራበት ወይም በዘይት የታሸ ማሰሮ ግን አይሆንም። ከእንጦጦ ወይም ከመናገሻ ጫካ የዛፍ ሽበት ለቅሞ ማንጠፍም ያምር ይሆናል እንጂ አብሮት የሚገባውን ተባይ ማን ያውቀዋል?

ዋሻው የሚቀመጥበት ቦታ እንደ እርጥበቱ ሁሉ ወሳኝ ነው። በቀዝቃዛው ጎን ከተቀመጠ ጌኮው ብርድ ስለሚሰማው አይገባበትም፤ ማሞቂያው እምብርት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ጨርቁ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ከመካከለኛው ቦታ ወደ ሞቃቱ ጎን ፈንጠር አድርገው ያስቀምጡትና ውስጡ 28 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ያረጋግጡ። በበጋ ወራት ጨርቁን በየቀኑ ማታ ማርጠብ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜም አውጥቶ መቀየር ያስፈልጋል፤ ሻጋታ የያዘ ጨርቅ ከደረቅ ጨርቅ የባሰ ነው። ከእርጥብ ዋሻው ሌላ፣ ገለፈቱን የሚያስነሣበት ሻካራ ነገር፣ ለምሳሌ በሚገባ ታጥቦ የተቀቀለና የደረቀ ድንጋይ፣ በሳጥኑ ውስጥ መኖር አለበት። ድንጋዩ እንስሳው ላይ እንዳይወድቅ በወለሉ ላይ ተደላድሎ ይቀመጥ።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ቤት ከሰል ያቀጣጥላል። ሳጥኑ ባለበት ክፍል ይህን አያድርጉ፤ የከሰል ጭስ ለሰውም ገዳይ ነው። እጣንም ቢሆን ቡና በሚፈላበት ክፍል ጌኮ ካለ ሳንባው ትንሽ ነውና ሳጥኑን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ይገባል። ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የሚጠፋ መብራት ያን ያህል አያሰጋም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሆነ ግን ሁለት ሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሳጥኑንም በጋቢ መሸፈን በቂ ነው። ለአየር መግቢያ አንድ ጥግ ክፍት ይተዉ።

ቆዳውን ከቀየረ በኋላ የሚደረግ ምርመራ

ጌኮው ቆዳውን ቀይሮ በጨረሰ ማግስት አንድ አጭር ምርመራ ያድርጉ። በጅራቱ አይያዙት፤ ሲደነግጥ ጅራቱን ቆርጦ ይጥላል፤ የሚያበቅለውም ጅራት እንደ መጀመሪያው አይሆንም። እጅዎን ከፊቱ በወለሉ ላይ ዘርግተው ራሱ እንዲወጣበት ይተዉት፤ ከዚያ በብርሃን አጠገብ አራቱንም እግሮች ይመልከቱ። በየእግሩ አምስት፣ በጠቅላላው 20 ጣቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ጣት እስከ ጥፍሩ ሥር ንጹሕና እንደ ሌሎቹ ቀጭን መሆን አለበት። ዓይን ለደከመበት ሰው የስልክ ካሜራ አጉልቶ ፎቶ ማንሣት ትልቅ እርዳታ ነው። የጅራቱን ጫፍ፣ የዓይን ቆቦቹን ከላይና ከታች፣ የጆሮውን ቀዳዳ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳዎችና ከጅራቱ ሥር ያለውን መውጫ አይዝለሉ።

በጣት ላይ የሚቀረው ገለፈት መጀመሪያ ሲያዩት ምንም የማያስጨንቅ ነጭ ቀለበት ነው። እየደረቀ ሲሄድ ግን እንደ ጠበቀ ክር ጣቱን ያንቀዋል፤ ደም ወደ ጫፉ አይደርስም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቀለበት ከላዩ ይደረባል። የቡሬ የኋላ ግራ እግር ትንሿ ጣት እንዲህ ነው የጠፋችው። ጥቅምት ላይ ነጩን ቀለበት አይቼ «በሚቀጥለው ጊዜ አብሮ ይወርዳል» አልኩ፤ ኅዳር ላይ አልወረደም፤ ታኅሣሥ ሲገባ ጣቲቱ አብጣ፣ ጠቁራ፣ በመጨረሻም በራሷ ጊዜ ተቆርጣ በጨርቁ ላይ አገኘኋት። እንስሳው ያለ እርሷ በደኅና ይራመዳል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «በሚቀጥለው ጊዜ» አልልም። ጣት ላይ የቀረ ገለፈት በ24 ሰዓት ውስጥ በራሱ ካልወረደ ሰው መርዳት አለበት። በጀርባው ወይም በጎኑ ላይ የቀረ ቁራጭ ግን ስለማያንቅ በእርጥብ ዋሻው ሁለትና ሦስት ቀን ቢጠብቅ ጉዳት የለውም።

የተጣበቀውን ማላቀቅ

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ሰዓት ቤቱ በፀሐይ የሚሞቅበት ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ነው። የሚያስፈልጉት ነገሮች ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሰፋ ያለ ሳፋ፣ ቴርሞሜትር፣ ሁለት ለስላሳ ጨርቅ፣ ጫፉ ጥጥ የሆነ የጆሮ መጥረጊያና ትዕግሥት ናቸው። ዕቃዎቹ ከዚህ በኋላ ለምግብ አይመለሱም፤ ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ስለሚችሉ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይታጠቡ፤ ከሥራው በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባይነኩት ይመረጣል።

በፕላስቲኩ ዕቃ ውስጥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ያድርጉ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ለሕፃን ገላ ማጠቢያ ከሚዘጋጀው ውኃ ግልጽ በሆነ መጠን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ለእጃችን «ደስ የሚል ሙቀት» ያለው ውኃ ለጌኮ ብዙ ጊዜ ከልክ ያለፈ ነው። ጥልቀቱ ጣቶቹን ከሸፈነ በቂ ሲሆን፣ ሆዱን የሚያንሳፍፍ ከሆነ ግን በዝቷል። እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጨርቅ ያንጥፉለት፤ ሳይፍጨረጨር ቆሞ ሊያርፍ የሚችልበት ነገር ያስፈልገዋልና። በእኛ ቤቶች የቀዘቀዘ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይህ ጥቂት ውኃ በአምስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ዕቃውን ሳይከድኑ በፊት ወደ 35 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት፤ የውጭው ውኃ የውስጡን ሙቀት ይጠብቅለታል። ከዚያ ጌኮውን ያስገቡ፣ ይክደኑ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃም ይጠብቁ። ትቶ መሄድ አይገባም፤ አፉን እየከፈተ ከተነፈሰ ወይም ራሱን ከውኃው በላይ ማቆየት ካቃተው ወዲያው ያውጡት።

ውኃ በጣም የሚያስደነግጠው ጌኮ ካለ ሁለተኛ መንገድ አለ። በዚያው ዕቃ ውስጥ በውኃ ፋንታ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉና በእርጥብ ሙቀት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ውጤቱ ትንሽ ይዘገያል፤ ነገር ግን እንስሳው ይረጋጋል። እኔ ለቡሬ ይህን እመርጣለሁ።

ሲወጣ መጀመሪያ በእርጥብና ሻከር ባለ ጨርቅ ላይ፣ ወይም ጨርቁን በእጅዎ ይዘው በመዳፍዎ መካከል እንዲያልፍ ያድርጉት፤ ሲራመድ የሚፈጠረው መተሻሸት ብቻውን አብዛኛውን ገለፈት ያነሣል። የቀረውን በውኃ በነከሩት የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ይሥሩበት። ጣቱን ከሥሩ በጥንቃቄ ይደግፉና ጥጡን ከጣቱ መነሻ ወደ ጥፍሩ አቅጣጫ ያንከባልሉት፤ ወደ ኋላ መመለስ፣ መፋቅና መጎተት አይገባም። ገለፈቱ ጠርዙን ካነሣ በኋላ በቀላሉ ተጠቅልሎ ይወጣል። ወረንጦ የሚጠቀሙት ጠርዙ ተነሥቶ፣ ርሶና ለስልሶ በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ብቻ ነው፤ ትንሽም ቢሆን መቋቋም ከተሰማዎት ያቁሙ። ደረቅ ገለፈት በወረንጦ የሚጎትት ሰው ከገለፈቱ ጋር ጥፍር ይነቅላል።

አሥር ደቂቃ ሠርተው ካልወጣ ለዚያ ቀን ይብቃ። ጌኮውን በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ወደ ሞቃቱ ጎን ይመልሱት፤ ርሶ በብርድ ክፍል መቆየት ለሳንባው አደጋ ነው። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን አንድ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ከሦስት ቀን በላይ መድገም እንስሳውን ያስጨንቀዋል እንጂ አዲስ ውጤት አያመጣም።

ዓይን ሲሆን

ሌፐርድ ጌኮ ከብዙዎቹ ጌኮዎች የሚለየው የሚከደንና የሚገለጥ የዓይን ቆብ ያለው በመሆኑ ነው። ገለፈት በቆቡ ጠርዝ ወይም ከቆቡ ሥር ሲቀር ዓይኑን ይጨፍናል፣ በእግሩ ያሸዋል፣ አድኖ መብላትም ያቅተዋል። እዚህ ላይ የአሳዳጊ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። እርጥብ ሙቀቱ ውስጥ ከቆየ በኋላ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ 0.9 በመቶ የሆነ ንጹሕ የጨው ውኃ ሁለት ጠብታ ያድርጉለትና ራሱ እንዲያርገበግበው ይተዉት፤ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ ካለ በራሰ ጥጥ ወደ ውጭ ብቻ ይንኩት። ወረንጦ ወደ ዓይን አይቀርብም። ቤት ውስጥ የተበጠበጠ ጨውም አይሆንም። በማግስቱ ዓይኑ ካልተገለጠ ወይም ካበጠ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሰው የሚመክረው ሁሉ

የቡሬን ጣት ያዩ አንዲት እናት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ለጋ ቅቤ ቀባው፤ ይለሰልስለታል» አሉኝ። ምክራቸው ከቅንነት ነው፤ ለራስ ፀጉርና ለአራስ ገላ የሚሠራ ነገር ለዚህም የሚሠራ ይመስላል። ቅቤ፣ ቫዝሊንና የምግብ ዘይት ግን ቆሻሻ ይይዛሉ፤ ጌኮው ገለፈቱን ሲበላም አብሮ ይውጣቸዋል። አረቄና ዴቶል ቆዳ ያቃጥላሉ። ለጉንፋን የምንታጠነው የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚረጨው ውኃ ውስጥ አይገባም። ውኃና ሙቀት ያላላቀቁትን ቅባት አያላቅቀውም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የቫይታሚን ነገር ነው። የቫይታሚን ኤ ጉድለት በዓይን ቆብ ላይ ገለፈት እንዲጣበቅ ማድረጉ እውነት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ግን ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠውን ካፕሱል ለጌኮ ቢሰጥ እንስሳውን ይመርዘዋል፤ ከ1 ዓመት በላይ ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው አንድ ካፕሱል 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይይዛል፤ አንድ ጎልማሳ ሌፐርድ ጌኮ ደግሞ የሚመዝነው ከ45 እስከ 80 ግራም ብቻ ነው። ትርፍ ቫይታሚን ኤ ራሱ ቆዳን ይልጣል። መጠኑን ሐኪም ይወስን።

በምግብ በኩል አሳዳጊው ሊያደርገው የሚችለው ነፍሳቱን መመገብ ነው። ፌንጣም ሆነ የዱቄት ትል በፉርሽካ ብቻ ከኖረ ሆዱ ባዶ ነው፤ ለጌኮው ከመስጠትዎ 24 ሰዓት በፊት ካሮትና ጎመን ያብሉት፤ ሲሰጡትም ለተሳቢ እንስሳት የተዘጋጀ የካልሲየምና የቫይታሚን ዱቄት በመመሪያው መጠን ይንስንሱበት። ከጤፍ ወይም ከስንዴ ማሳ ዳር የተያዘ ፌንጣ ፀረ ተባይ የበላ ሊሆን ይችላልና ከቤት ይራባ። ንጹሕ የመጠጥ ውኃም ከሳጥኑ አይጥፋ።

ክረምት ሲገባና ሐኪም ሲያስፈልግ

ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ነገሩ ይገለበጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ራሱ ውኃ ያቀራል፤ በበጋ ያዳነው እርጥበት ያኔ ካልተቀነሰ በሆዱ ሥር ቅርፊቱ እየቀላና እየቆሰለ ይሄዳል። የዋሻውን ጨርቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ያርጥቡ፤ የሳጥኑን መስኮት ይክፈቱ፤ መለኪያው ከ50 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ የመጠጫውን ሳሕን ወደ ቀዝቃዛው ጎን ያርቁ። ዛፍ ላይ የሚኖረውን ክሬስትድ ጌኮ የሚያሳድግ ሰው ግን ይህን ቁጥር አይከተል፤ የዚያ ዘር መገኛ የኒው ካሌዶንያ ጫካ ስለሆነ ከ60 እስከ 80 በመቶ እርጥበት በሳጥኑ ሙሉ ይፈልጋል፤ ገለፈትም በጣቱ ሥር ባሉት መጣበቂያ ንጣፎች ላይ ሲቀር በግድግዳ መውጣት ያቅተዋል።

ጣት ካበጠ ወይም ከጠቆረ፣ መግል ወይም ደም ከታየ፣ ዓይን ካልተገለጠ፣ ወይም ጌኮው ከሳምንት በላይ ሳይበላ ጅራቱ እየሳሳ ከሄደ የቤት እርዳታው አብቅቷል። በዳርቻው ያሉት የእንስሳት ክሊኒኮች ዕለት ዕለት የሚያዩት ላም፣ በግና ዶሮ ነው፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ተሳቢ እንስሳ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በቢሾፍቱ ስላለ እዚያ መጠየቅ ይቻላል። ለጉዞው ጌኮውን ክዳኑ በተበሳ ትንሽ ዕቃ፣ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርገው፣ ሙቅ ውኃ የያዘና በጨርቅ የተጠቀለለ ሃይላንድ ከጎኑ አስጠግተው፣ በቦርሳ ውስጥ ይያዙት፤ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ አይቀመጡ። ሐኪሙ የሚጠይቅዎት የሳጥኑን ሙቀት በሁለቱም ጎን፣ እርጥበቱን፣ የሚበላውን፣ የሚሰጡትን ዱቄት ስምና ያለፉትን ሦስት የቆዳ መቀየሪያ ቀኖች ስለሆነ ጽፈው ይሂዱ፤ የጣቱን ፎቶም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተነሣበት ቅደም ተከተል ያሳዩ።